«ወደ ቤት ውሰዷት» ከተባለ በኋላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። እንጨት ሠራተኛ ነኝ። በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው በሻይ ሰዓት፣ መጋዙ ሲቆም ነው። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ሰሞን ስለ ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ምርመራ፣ ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ጨረር በደንብ ተጽፏል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ቀረበት። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ወደ ቤት ውሰዷት» ካለ በኋላ ያለው ጊዜ። እኔ ያንን ጊዜ ከእናቴ ጋር ሰባት ወር ኖሬበታለሁ። ስለዚያ ልንገራችሁ።

እማዬ የኖረችው አንኮበር ነው፤ ከጎረቤላ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ። ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ገብስና ባቄላ፣ ጥቂት በጎች ነበሯት። አረቄም ታወጣ ነበር። እኛን አራት ልጆቿን ደብተር የገዛልን ያ አረቄ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ምላሷ ጎን ትንሽ ቁስል ወጣባት። ጥርሷ እየቆረጣት መሰላት። ጥርሱን አስነቀለችው። ቁስሉ ግን አልዳነም። በጨው ተጉመጠመጠች። ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዳ ተጠመቀች። መስከረም ሲጠባ ደግሞ «ጆሮዬን ይወጋኛል» ማለት ጀመረች። አንድ ክሊኒክ የጆሮ ጠብታ ሰጣት። ጆሮዋ ግን ንጹሕ ነበር። የምላስና የጉሮሮ ካንሰር ሕመሙን ወደ ጆሮ እንደሚልክ ያኔ ማን ነግሮን? አፍ ውስጥ የወጣ ቁስል በሦስት ሳምንት ካልዳነ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባም የሰማሁት ኋላ ነው። እኛ አምስት ወር ጠበቅን።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ወሰድኳት። ናሙና ተወሰደ። ነቀርሳ ነው ተባለ። ወደ አንገቷ እጢዎች ተዛምቷል፣ ቀዶ ሕክምና አይሆንም ተባለ። የጨረር ወረፋ ተያዘልን። ወረፋው ሲደርስ እሷ ቁማ መሄድ አቅቷት ነበር።

«ወደ ቤት ውሰዷት» ያለንን ሐኪም አልቀየመውም። ወጣት ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ከበሩ ውጪ አግዳሚው ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። «ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ የምናደርግላት የለንም። ወደ ቤት ውሰዷትና የምትወደውን ስጧት» አለኝ። እማዬ የምትወደው ቆሎ ነበር። ያን ቀን መንጋጋዋ ሁለት ጣት እንኳ አያስገባም። ሐኪሙ የሚዋጥ ክኒን ጻፈልን። ካርዱ ተዘጋ። በሎንቺና ተሳፍረን 130 ኪሎ ሜትሩን ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ እኔ ቤት ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መጣች። አንድም ቃል አልተናገረችም።

በእኛ ቋንቋ «ማከም» እና «ማስታመም» ሁለት ቃል ናቸው። ማከም የሐኪም፣ ማስታመም የቤተሰብ ነው ብለን ተከፋፍለናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ማስታመም ማለት አጠገቧ መተኛት፣ ማጠብ፣ ውሃ ማቀበል። ለዚህ ደግሞ ፍቅር ይበቃል ብዬ አስብ ነበር። አይበቃም። ማስታመምም ትምህርት አለው። መድኃኒት አለው። ባለሙያ አለው። ባለሙያዎቹ ፓሊየቲቭ ኬር ይሉታል። በሽታውን ማዳን ባይቻልም ስቃዩን የሚያስታግስ፣ ሰውየውንም ቤተሰቡንም የሚደግፍ ሕክምና ነው። ሕክምና ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ይህን አስምሩልኝ።

ስለ ሽታው ልጻፍ። ሰው ስለሚያፍርበት አይናገረውም።

አንገቷ ላይ የነበረው እብጠት የካቲት ላይ ፈነዳና ቁስል ሆነ። ቁስሉ ይሸታል። ዕጣን አጨስን። ሰንደል ገዛሁ። ሽታው ከሰንደሉ ጋር ተደባልቆ ጭራሽ ባሰበት። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መተኛት ጀመረች። ቡና ሲፈላ ከክፍሏ አትወጣም። «እናንተ ጠጡ፣ እኔ ራሴን አሞኛል» ትላለች። በረካውን ሳትጠጣ ከቡና ተነሥታ የማታውቅ ሴት። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፤ መጀመሪያ አጥሚት ይዘው እየመጡ አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ በር ላይ አቀብለው መመለስ ጀመሩ። ከዚያ በልጅ መላክ። አልፈርድባቸውም። እኔ ልጇ እንኳ ገበታ ቀርቤ መዋጥ ያቃተኝ ቀን ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን እውነቱ ይሄ ነው።

አንድ ቀን አልጋ ያሠራኝ ደንበኛዬ ሒሳቡን ሊከፍል ቤት መጣ። ሽታውን ሰማ። ምንም አላለም። በማግስቱ ነርስ እህቱን ይዞ ተመለሰ። አዲስ አበባ ሄዳ ስለዚህ ሕክምና ሥልጠና የወሰደች ናት። ከሥራ በኋላ በራሷ ጊዜ ነው የመጣችው። ስሟን አልጽፍም፤ አልፈቀደችልኝም። ሲስተር እያልኩ ልቀጥል።

ሲስተር ገባችና መጀመሪያ ያደረገችው አልጋው ላይ መቀመጥ ነው። ወንበር ሰጥቻት ነበር። ወንበሩን ትታ አልጋው ላይ፣ እማዬ አጠገብ። «እማማ፣ የቱ ነው ከሁሉም የሚያስቸግርዎት?» አለቻት። እኔ ሕመሙን ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እማዬ ነጠላዋን ከአፏ ሳታነሳ «ሽታዬ» አለች።

ሲስተር ውሃ አፈልታ አቀዘቀዘች። ጨው ጨመረችበት። ቁስሉን በዚያ አጠበችው፤ ሳትፈትግ፣ እያፈሰሰች። ከዚያ ከቦርሳዋ ክኒን አወጣች። በሁለት ማንኪያ መሀል አድርጋ ፈጨችው። ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችና በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። ማሸጊያውን አየሁት። ሜትሮኒዳዞል ይላል። «ይሄ የአሜባ መድኃኒት አይደለም እንዴ?» አልኳት። «ነው» አለች፤ «ሽታውን የሚያመጡት አየር በሌለበት የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱንም ይገድላል»። በየፋርማሲው ያለ፣ ርካሽ፣ ሁላችንም ሆዳችንን ሲቆርጠን የዋጥነው ክኒን! ያን ሁሉ ሳምንት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ለዚህ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሽታው የለም ማለት ይቻላል። እሑድ ነበር። ባለቤቴ ቡና ቆላች። እማዬ ከክፍሏ ወጣች። ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ እያለች። ባለቤቴ የቆላችውን እያዞረች ሁሉንም ስታስሸትት እማዬ ጋ ስትደርስ እማዬ ጭሱን በሁለት እጇ ወደ ራሷ ሳበችው። ከጎረቤት ሦስት ሴቶች መጡ። ቡናው ሲቀዘቅዝላት በሻይ ማንኪያ፣ ጠብታ በጠብታ ጠጣች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እስከ በረካው ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቼ እንደገና አልጋዋ ጫፍ ላይ መቀመጥ ጀመሩ።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ። የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ሕመም በምንም አይመሰልም። ሰው በእግሩ ካመመው እግሩን ያሳርፋል። ይሄ ግን ምራቅ በዋጠች ቁጥር ነው። ቀን ከሌት ምራቅ የማይውጥ ሰው አለ? ፓራሲታሞል አልነካውም። ትራማዶል ትንሽ ያዝ አደረገውና ተወው። ሌሊት በጉልበቷ ተንበርክካ ግንባሯን ፍራሹ ላይ አድርጋ ታድራለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አድራለሁ። ጧት ሄጄ መጋዝ እይዛለሁ። በዚያ ሰሞን ጣቴን ቆርጫለሁ።

ሲስተር አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ሐኪም ላከችኝ። ሐኪሙ ለናርኮቲክ (ጥብቅ ቁጥጥር ለሚደረግበት) መድኃኒት ብቻ በሚያገለግለው ማዘዣ ላይ ሞርፊን ጻፈልን። ከባድ ሕመም የሚያስታግስ ሽሮፕ ነው። ክኒን መዋጥ ላቃተው ሰው ፈሳሹ ነው የሚሻለው። ጠርሙሱን ይዤ ቤት ስገባ አጎቴ ከአንኮበር መጥቶ ነበር። «ሞርፊን? እሱ ኮ ሊሞት ላለ ሰው የሚሰጥ ነው። ልትገድላት ነው?» አለኝ። እህቴ ደግሞ «ሱስ ያስይዛታል» ብላ አለቀሰች። እኔም ፈርቼ ነበር። ሲስተር ሁላችንንም አስቀምጣ አስረዳችን። ሞርፊን በትንሹ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ መጠን እየተለካ ከተሰጠ አይገድልም። ለሕመም የሚወስደው ሰው ሱሰኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ያበዛል፤ ከዚያ ይለቃል። ሆድ ግን ያደርቃል፤ ይሄ አይለቅም። ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ስጧት አለችን። ዋናው ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው አለች። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይደርስ ይቀደማል።

እማዬ ሁለት ቀን ተኛች። እኔ በየጊዜው እጄን አፍንጫዋ ሥር እያደረግሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ጧት ዓይኗን ገለጠች። «ራበኝ» አለች። እህቴ አጥሚት ልታሞቅ ስትሮጥ በሩ ላይ ወደቀች። ያ ሁሉ እንቅልፍ የመድኃኒቱ ብቻ አልነበረም። የስንት ወር የእንቅልፍ ዕዳ ነበር የምትከፍለው።

ሰዓቱን እንዳንስት ሰሌዳ ሠራሁ። የጽድ ቁራጭ ነበረኝ፤ ክንድ የማይሞላ። ላግኩትና አምስት ቀዳዳ በሳሁበት። ጧት 12፣ ረፋድ 4፣ ከቀትር በኋላ 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4። የመጨረሻውን ቀዳዳ ሰፋ አደረግሁት። በ4 ሰዓቱ እጥፍ ነበር የሚሰጣት፤ ሌሊቱን ሳትነቃ እንድታድር ሐኪሙ እንደዚያ ነው ያዘዘው። አንዲት ትንሽ ችካል ሠራሁ። መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ችካሏን ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ያዛውራል። ባለቤቴም፣ የአሥር ዓመት ልጄም፣ እህቴም ሰሌዳውን አይቶ የቱ እንደተሰጠና የቱ እንደቀረ ያውቃል። ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት እንዴት ልበላችሁ? ደህና ነበርን። እማዬ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ልጄን የቤት ሥራውን ሲሠራ ታየዋለች። ድምጿ እየደከመ ሄደ እንጂ ትጫወታለች። አፏ እንዳይደርቅ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርገን በቀን ብዙ ጊዜ ትጉመጠመጣለች። የእኛ ከተማ ብርድና ነፋስ አፍ ያደርቃል፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ምግብ በግድ ማጉረስንም ተውን። ይሄ ለእኛ ከባድ ነበር። ለታመመ ሰው ጉርሻ ካልሰጠን ያስታመምን አይመስለንም። እህቴ «አንድ ብቻ፣ ስለ ማርያም» እያለች ስታጎርሳት እማዬ ትን ይላታል፣ ትታፈናለች። ሲስተር ናት ያስቆመችን። የቀጠነ አጥሚት፣ ወተት፣ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ በራሷ ፍጥነት። ፍልሰታ ሲደርስ «እጾማለሁ» ብላ ወተቱን እምቢ አለች። የንስሐ አባቷ መጥተው «የታመመ አይጾምም፣ ወተቱ ጸሎትሽ ነው» ሲሏት ጠጣች።

አንድ ምሽት ሲስተር ብቻዬን ወደ ውጪ ጠራችኝ። ቁስሉ ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ነው አለችኝ። አንድ ቀን ሊደማ ይችላል። ብዙም ሊሆን ይችላል። ነጭ ፎጣና ነጭ ጋቢ አጠገቧ አታድርጉ፤ ደም ነጭ ላይ ሲታይ ሰውን ያስደነግጣል፣ እሷም ትደነግጣለች። ጥቁር ጨርቅ አዘጋጁ። ከደማ በጎኗ አስተኟት፣ ጨርቁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ እጇን ያዙ፣ አትጩኹ። ብቻዋን አትተዋት። ይህን ማንም ሐኪም ነግሮን አያውቅም ነበር። ሰምቼ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ግን እንኳን ሰማሁት። አባቴ የተወልን የመንዝ በርኖስ ነበር፤ ጥቁር፣ የበግ ጠጉር። ከሣጥን አወጣሁትና እግርጌዋ አኖርኩት። ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ደማት። ብዙ አልነበረም። እህቴ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ዘጋችው። በርኖሱን አንገቷ ላይ ያዝኩ። እማዬ ዓይኔን ታያለች። «ያቆማል እማዬ፣ አለሁ» እላታለሁ። ቆመ። በርኖሱ ላይ ምንም አይታይም ነበር። እርጥበቱ ብቻ እጄ ላይ ነበር።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

በዚያው ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሆነ። እንደ ልማዴ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሣ መንገዱ ተዘግቷል። የዚያን ሰሞን ግጭት የክልላችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈለግሁ። ዓርብ ዕለት ስድስት ፋርማሲ ገባሁ። የለም። የለም። የለም። አንዱ ጋ «ለማን ነው የምትፈልገው?» ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ማዘዣውን አሳየሁት። ዓይኑ አልተለወጠም። አንድ የጤና ተቋም ሄድኩ። ኃላፊው «እኛ አላዘዝንም፤ የሚጠቀም ሰው የለም» አለኝ። የሚጠቀም ሰው ፊቱ ቆሟል! እናቴ ከእሱ ቢሮ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ተኝታለች።

ዓርብ ማታ ነጠላዋን ነክሳ አደረች። ቅዳሜ ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገባ፤ ጠባሳው እስከ አሁን አለ። በእነዚያ ቀናት አትናገርም ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ ውሃ ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ከአልጋዋ ወርዳ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ሰሌዳው ጋ። ችካሏን ከ12 ነቅላ 4 ላይ እየሰካች ነበር። ሰዓቱ 4 ሰዓት ነበር። መድኃኒት እንደሌለ ታውቃለች። ግን ሰዓቱ ደርሶ ነበር፤ እሷም አዛወረችው።

መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ሄጄ አመጣሁ። ሦስት ሌሊት ግን ሄዷል። ያ ሦስት ሌሊት ከመንገዱ ብቻ አልመጣም። የመንገዱ መዘጋት የጎዳን ጠርሙሱ ከ130 ኪሎ ሜትር ስለሚመጣ ነው። እዚሁ ቢኖር ኖሮ መንገዱ ቢዘጋስ ምን አገባን?

ለምን አይኖርም ብዬ ሲስተርን ጠየቅኋት። የነገረችኝ እንዲህ ነው። ሞርፊን ልዩ ማዘዣ፣ የተቆለፈ ካዝና፣ የተለየ መዝገብ ይጠይቃል። መዝገቡ ላይ ስሕተት ቢገኝ ተጠያቂው ባለሙያው ነው። ስለዚህ ብዙ ፋርማሲ «ይቅርብኝ» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ እንደሌለ ስለሚያውቅ አይጽፍም። ሐኪሙ ስለማይጽፍ «ተጠቃሚ የለም» ይባላል። ተጠቃሚ ስለሌለ አይታዘዝም። እንደ ቀለበት ነው። የሕመምተኛው ጩኸት ደግሞ ቤት ውስጥ ስለሆነ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም።

ብርቅ መድኃኒት ቢሆን ዝም እል ነበር። አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1977 ሲያወጣ ሞርፊን እዚያው ላይ ነበር። የካንሰር ሕመም በምን ቅደም ተከተል እንደሚታከም ያወጣው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአፍ የሚሰጥ፣ ሰዓቱን የጠበቀ የሚለው የሲስተር ትምህርት ከዚያ የመጣ ነው። የእኛም ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ አውጥቷል። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቶ ሕሙማንን በየቤታቸው ያስታምማል። ወረቀቱም ዕውቀቱም አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። አንኮበር፣ መንዝ፣ ጣርማበር አልደረሰም እንጂ።

ዑጋንዳን ተመልከቱ። ሀብታም አገር አይደለም። የሞርፊን ዱቄት አስገብተው በውሃ እየበጠበጡ እዚያው ያዘጋጁታል፣ ለሕመምተኛው በነፃ ይሰጡታል። ሐኪም በየገጠሩ እንደማይገኝ ስላወቁ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅደዋል። እኛ ጋ እንደ ሲስተር ያለች የሠለጠነች ነርስ ቁስሉን ታጥባለች፣ ሕመሙን ትለካለች፣ መድኃኒቱን ታውቃለች። መጻፍ ግን አትችልም። ለአንድ ፊርማ ሦስት ሰዓት መንገድ እሄድ ነበር።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የዞናችንን የጤና ኃላፊዎች የምለምነው አንድ ነገር ነው። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ደብረ ብርሃን ላይ አይጥፋ። ቢቻል ደግሞ እስከ ወረዳ ሆስፒታሎች ይድረስ። ስንት ሕመምተኛ እንዳለ ካላወቃችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጠይቁ። በየቀበሌው አሉ፤ የማን ቤት ውስጥ ማን ተኝቶ እንደሚያቃስት ያውቃሉ። እነሱ ይቁጠሩ፣ በዚያ ልክ ይታዘዝ። የሠለጠኑ ነርሶች ካሉም ይህ ሥራቸው ተብሎ ይሰጣቸው። ሲስተር እኛን ያየችው ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በእግሯ፣ በዝናብ ነው። እኛ ዕድለኞች ሆነን ነው። እሷን የላከልን የአልጋ ሒሳብ ነው። አልጋ ያላሠራ ሰው እናት ምን ትሁን?

ሐኪሞችንም ልለምን። «የምናደርግላት የለንም» አትበሉ። እሱ ቃል ሰውን ያባርራል። እኔ ከዚያ ቃል በኋላ ሁለት ወር ሐኪም ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ምን ልባል ብዬ። «በሽታውን ማዳን አልቻልንም፣ ሕመሙን ግን እናስታግሳለን፤ እገሊት ጋ ሂዱ» በሉ። እገሊት ደግሞ ትኑር። እውነቱን ለሕመምተኛውም ንገሩት፣ ሊሰማ ከፈለገ። እኛ ከእማዬ ደብቀን «እጢ ነው» ስንላት ከረምን። አንድ ማታ መድኃኒቷን ስሰጣት እጄን ይዛ «ልጄ፣ እኔ ኮ ገና አዲስ አበባ አውቄዋለሁ። እናንተ እንዳትፈሩ ብዬ ነው» አለችኝ። እሷ እኛን ስታስታምም ነበር ለካ።

ከፍልሰታ በኋላ፣ ነሐሴ 19፣ ጎሕ ሲቀድ አረፈች። ዝናብ እያካፋ ነበር። ትንፋሿ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ግንባሯ አልተቋጠረም። ጥርሷን አልነከሰችም። በርኖሱ እግርጌዋ እንደታጠፈ ነበር። ችካሏ የማታው 4 ላይ ነበረች። አንኮበር ወስደን ከአባቴ ጎን ቀበርናት።

የተረፈውን ጠርሙስ ሲስተር በደንቡ መሠረት አስመለሰችው። ሰሌዳውን ግን ከወር በኋላ መጥታ ለመነችኝ። አንድ የመንዝ ገበሬ ጉሮሮውን ታሞ ቤቱ ተኝቷል፤ ሚስቱ ማንበብ አትችልም፣ ሰዓት ማየት ግን ታውቃለች። የእማዬን መስጠት አልሆነልኝም። ሌላ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ሠርቻለሁ። ጽድ ይሻላል፤ አይነቅዝም፣ ሽታውም ጥሩ ነው። ማንበብ ለማይችሉ በቁጥሩ ፈንታ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት እቀርጽበታለሁ። ችካሏን ልጄ ነው የሚያለሰልሳት።

የጤና ጣቢያም ሆነ ቤተሰብ ይህን ሰሌዳ የሚፈልግ ካለ በነፃ እሠራለሁ። በሳምንት ሁለት መሥራት እችላለሁ። ስሜና የስልክ ቁጥሬ ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ።

አክባሪያችሁ፣
እንጨት ሠራተኛው፣ ከደብረ ብርሃን